ሕፃናት በንባብ አማካይነት ነገርን መመርመር እንዲለምዱ ስለ ማድረግ

ማንበብ ሁለት ሥራ ነው። አንደኛው ፊደልን አይቶ በድምፅ መጥራት ነው፤ ሁለተኛው የተጻፈውን በልብ መርምሮ፣ ይህ ከሆነ ያ ይሆናል፣ ያ ካልሆነ ይህ ሊሆን አይችልም እያሉ ነገርን ከነገር ማያያዝ ነው። በመንደር ትምህርት ቤቶች የፊተኛው ሥራ ይበረታል፤ የኋለኛው ግን ሕፃኑ ሲያድግ በራሱ ይመጣል ተብሎ ይተዋል። ነገር ግን በራሱ አይመጣም። በ2002 ዓ.ም. በትግርኛ፣ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሌሎችም የሀገራችን ቋንቋዎች የታናናሾች ክፍል ተማሪዎች ንባብ በተመረመረ ጊዜ፣ በሁለተኛ ክፍል ካሉት ብዙዎቹ አንዲት ቃል ስንኳ ለማንበብ አልቻሉም፤ ስላነበቡት ነገር ተጠይቀው አንድ መልስ ለመስጠት ያልቻሉት ደግሞ ከነዚያ ይበልጡ ነበር።

በመቀሌና በዙሪያዋ ባሉ መንደሮች ይህ ነገር የበለጠ ይከብዳል። ትምህርት ቤቶቹ በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ስለ ኮሮና በሽታ ተዘጉ፤ በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጦርነት ተነሣ፤ አብዛኞቹም እስከ 2015 ዓ.ም. ድረስ በወጉ ሳያስተምሩ ቆዩ። አንዳንዶቹም የተፈናቃዮች መጠለያ ሆኑ። ስለዚህ መምህሩ የባከነውን ዘመን ለማካካስ ይቸኩላል፤ ሲቸኩልም ልጆቹን በአንድ ድምፅ አስጩሆ ገጹን ይገለብጣል። ጩኸቱ ከሩቅ ሲሰሙት ትምህርት ይመስላል። ከስድሳው ልጅ ምናልባት ዐሥሩ ያነባል፤ የቀረው የባልንጀራውን ድምፅ ይከተላል።

ማመዛዘንን ለማስለመድ ልጁ መጽሐፍ እስኪያነብ መጠበቅ አያስፈልግም፤ ፊደሉ ራሱ የማመዛዘን ትምህርት አለበትና። ለ ሉ፣ መ ሙ፣ ሰ ሱ ያወቀውን ሕፃን፣ በ የሚለውን ብቻ አሳይታችሁ «ካዕቡን ራስህ ጻፈው» በሉት። በጎኑ መስመር ቢጨምርለት ቡ ብሎ ጻፈ ማለት ነው፤ ያልተማረውን ከተማረው አወጣ። ኋላም ሩ እና ፉ ከዚህ ሥርዓት እንዴት እንደ ወጡ ራሱ ፈልጎ ያግኝ። በትግርኛም ቀ በራሱ ላይ መስመር ሲደረግበት ቐ እንደሚሆን ያየ ልጅ፣ ከ እንዲሁ መስመር ቢደረግበት ምን እንደሚሆን ቢጠየቅ ኸ ለማለት ሩቅ አይደለም። ይህን ሳይነግሩት ያገኘው ልጅ ሰባቱን ቤት በቃሉ ከደገመው ይልቅ ብዙ ተምሯል።

ወደ ንባቡ እንምጣ። ምሳሌውን ከመቀሌ ንግድ እንውሰድ። ዛሬ ብዙው ጨው በመኪና የሚጫን ቢሆንም፣ ከአፋር ምድር በግመል የሚመጣውን አሞሌ የማያውቅ የዚህ ሀገር ልጅ ጥቂት ነው። መምህሩ በሰሌዳው ላይ ሦስት መስመር ይጻፍ፦ «ግመል ነጂው ከአፋር ምድር ጨው ጭኖ ወደ መቀሌ ጉዞ ጀመረ። በመንገድ ላይ ብርቱ ዝናም አገኘው። ከተማው ሲደርስ ጭነቱ ቀልሎ ተገኘ።»

ግመሉ ምን ጫነ ብሎ መጠየቅ የዓይን ጥያቄ ነው፤ መልሱ በሰሌዳው ላይ ተጽፏል። የልብ ጥያቄ፣ ጭነቱ ስለ ምን ቀለለ የሚለው ነው፤ መልሱ ከሦስቱ መስመሮች በአንዱም የለም። አንዱ ልጅ «ጨዉ ሟሟ» ቢል፣ መምህሩ «ጎበዝ» ብሎ አይለፈው፤ «በምን አወቅህ?» ይበለው። ትምህርቱ በትግርኛ ከሆነ «ብምንታይ ፈሊጥካ?» ይበል፤ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ፖሊሲ ሕፃን በአፍ መፍቻ ቋንቋው ይማር ያለው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ምክንያትን በባዕድ ቃል መፈለግ ሁለት ሸክም ነውና። ልጁም «ጨው» እና «ዝናም» የሚሉትን ቃላት በጣቱ ያሳያል፤ ሦስተኛውን፣ ማለት ጨው በውሃ እንደሚሟሟ፣ ከእናቱ ማድ ቤት ያመጣዋል።

ሁለተኛው ልጅ «ሌባ ሰረቀው» ይል ይሆናል፤ ሦስተኛውም «በአጉላዕ ገበያ ጥቂቱን ሸጦት ነው» ይላል። እነዚህን ስህተት ነው ብሎ መቍረጥ አይገባም፤ ሊሆኑ ይችላሉና። ይልቅስ «ሸጦትስ ከሆነ ጸሐፊው ዝናሙን ለምን አነሣው?» ብሎ መጠየቅ ነው። በዚያን ጊዜ ልጆቹ፣ ከሦስቱ ምክንያቶች ሁለቱ አንዱን መስመር ሥራ ፈት እንደሚያደርጉት፣ አንደኛው ግን መስመሮቹን ሁሉ እንደሚያሠራቸው ያያሉ። ከዚህ በኋላ መምህሩ «ጨው» የሚለውን ደምስሶ «ጥጥ» ብሎ ይጻፍ፤ የመጨረሻው መስመር እንደ ነበረ ሊቆም ይችላልን? ጥጥ ውሃ ሲጠጣ ይከብዳል እንጂ አይቀልም። እንግዲህ አንድ ቃል ሲለወጥ ሌላው ቃል መለወጥ እንዳለበት ልጆቹ ራሳቸው ይናገራሉ። ለዚህ ሁሉ መጽሐፍ አላስፈለገም፤ ጠመኔና ሰሌዳ በቃ።

የነገር ማጠፊያ የሆኑትንም ቃላት መሸፈን ይጠቅማል። «ዝናም ዘነመ፤ … መንገዱ አልጨቀየም» ተብሎ ሲጻፍ፣ በመካከሉ «ስለዚህ» ይግባ ወይስ «ነገር ግን» የሚለው ክርክር ረዥም ሰዋስው ከማስጠናት ይበልጣል።

ሽማግሌዎች በዚህ ሥራ እንግዳ አይደሉም። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት የአንድምታ መምህር አንዱን ፍች ከሰጠ በኋላ «አንድም» ብሎ ሌላውን ያመጣል፤ ይህ ልማድ አንድ ቃል ከአንድ በላይ ምክንያት ሊሸከም እንደሚችል ያስተምራል። የቤቱ እንቆቅልሽም እንዲሁ ነው። ነገር ግን ልጁ መልሱን ሲያጣ «ሀገር ስጠኝ» ተብሎ፣ ሀገር ሰጥቶ፣ ፍቹን ሰምቶ ዝም ቢል ጨዋታ እንጂ ምርመራ አልሆነም። አያቱ «ቀን ይከተለኛል፤ ማታ ይለየኛል» ቢሉትና ልጁ «ባልንጀራዬ ነው፤ ማታ ወደ ቤቱ ይሄዳል» ብሎ ቢመልስ፣ መልሱ ከቃሉ ጋር ይስማማል። «አይደለም፤ ጥላ ነው» ከማለት ይልቅ «ድምፅ የለውም» የሚል አንድ ቃል ጨምረው፣ ባልንጀራው አሁንም ይስማማ እንደ ሆነ ይጠይቁት።

አንድ ነገር ግን አለ፤ «በምን አወቅህ?» የተባለ ልጅ ነገ «አባባ፣ እርስዎስ በምን አወቁ?» ይላል። ይህን እንደ ድፍረት ቆጥሮ የሚቆጣ ሽማግሌ፣ መምህሩ በወር የሠራውን በአንድ ምሽት ያፈርሰዋል። ጥያቄው በአክብሮት እስከ ቀረበ ድረስ ልጁ የሚጠይቀው ስለ ነገሩ እንጂ ስለ ሽማግሌው ክብር አይደለም።

ስለ ታላላቆቹ ልጆችም ልብ ማድረግ ያስፈልጋል። ጦርነቱ ካዘገያቸው መካከል ከታናናሾች ጋር አንድ ክፍል የገቡ አሉ፤ ፊደል አያውቁም፣ ገበያና እረኝነት ግን ያውቃሉ። እነዚህን በፊደል ብቻ ብትመዝኗቸው ያፍራሉ፤ አፍረውም ይቀራሉ። ስለዚህ ታላቁን ከታናሹ ጋር በአንድ ወንበር አስቀምጣችሁ፣ ታናሹ መስመሩን ያንብብ፤ ታላቁ ስለ ምን እንደ ሆነ ይናገር፤ ታናሹም ምክንያቱ የቆመበትን ቃል በሰሌዳው ላይ ፈልጎ ያሳየው። በሳምንቱ ቦታ ይለዋወጡ።