የወባ ተሕዋስያንን ኢንዛይም የሚለየው አንቲቦዲና የጤና ኬላዎች ምርመራ

በሰሜን ሸዋ ዞን የመንዝና የግሼ ደጋዎች በቅዝቃዜያቸው ምክንያት ለወባ ስርጭት ምቹ አይደሉም። የመርሐቤቴ አምባ ግን ወደ ጀማና ወንጪት ወንዞች ሸለቆ ሲወርድ ቆላ ይሆናል። በኢትዮጵያ ወባ በአብዛኛው የሚከሰተው ከባሕር ወለል በላይ ከ2 ሺህ ሜትር በታች ባሉ አካባቢዎች ነው። ለእርሻ ሥራ ወደ ቆላ ወርዶ ወደ ቀዬው የሚመለስ የደጋ ነዋሪ ለበሽታው የዳበረ የመከላከል አቅም ስለማይኖረው ትኩሳቱ በጊዜ ካልታወቀ ለከፋ አደጋ ይዳረጋል። እ.ኤ.አ. በ1958 በአገሪቱ የተከሰተው ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን ያህል ሰዎችን አጥቅቶ 150 ሺህ ያህሉን ለኅልፈት እንደዳረገ ይገመታል።

ማይክሮስኮፕ በሌለባቸው ጤና ኬላዎች የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት ፈጣን የወባ መመርመሪያ መሠረቱ ሞኖክሎናል አንቲቦዲ ነው። ዘዴውን እ.ኤ.አ. በ1975 በካምብሪጅ ያስተዋወቁት ጆርጅ ኮህለርና ሴሳር ሚልስታይን እ.ኤ.አ. በ1984 ከኒልስ ጀርን ጋር የኖቤል ሽልማት ተጋርተዋል። በዚህ ዘዴ አንቲቦዲ የሚያመነጭ የአይጥ ሕዋስ ሳያቋርጥ ከሚራባ የካንሰር ሕዋስ ጋር ይዋሐዳል። ድቅሉ ሕዋስም አንድን ዒላማ ብቻ የሚለይ አንድ ዓይነት አንቲቦዲ በብዛት ያመርታል።

ከዒላማዎቹ አንዱ ላክቴት ዲሀይድሮጂኔዝ የተባለው ኢንዛይም ነው። የወባ ተሕዋስያን በቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ከስኳር ኃይል የሚያገኙት በዚህ ኢንዛይም አማካይነት ነው። የሰው ልጅም ተመሳሳይ ኢንዛይም አለው፤ ሆኖም የሁለቱ አወቃቀር ስለሚለያይ በጥንቃቄ የተመረጠ አንቲቦዲ የወባውን ብቻ ለይቶ ይይዛል። የደም ጠብታ በመመርመሪያው ላይ ሲፈስ ኢንዛይሙ ቀለም ከተያያዘበት አንቲቦዲ ጋር ተጣብቆ ይጓዛል፤ በሌላ አንቲቦዲ ሲያዝም መስመር ይታያል።

ሌላው ዒላማ ኤችአርፒ-2 የተሰኘ ፕሮቲን ነው። ይህ ፕሮቲን ከሕክምና በኋላም ለሳምንታት በደም ውስጥ ሊቆይ ይችላል፤ ኢንዛይሙ ግን ተሕዋስያኑ ሲሞቱ ፈጥኖ ይጠፋል። ከሁሉ በላይ አሳሳቢው ጉዳይ አንዳንድ የፋልሲፓረም ተሕዋስያን ፕሮቲኑን የሚያመነጨውን ዘረ መል ማጣታቸው ነው። ከአማራ፣ ከትግራይና ከጋምቤላ 12 ሺህ 572 ሰዎችን አካትቶ እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናት በኤችአርፒ-2 ብቻ ቢመረመር ኖሮ 9.7 በመቶ ያህሉ የፋልሲፓረም ሕሙማን ሳይለዩ ይቀሩ እንደነበር ገምቷል። የዓለም ጤና ድርጅት ይህ መጠን ከ5 በመቶ ሲበልጥ በኤችአርፒ-2 ብቻ የማይወሰን መመርመሪያ እንዲተካ ይመክራል።

በኢንዛይሙ ላይ የተመሠረተው መመርመሪያም የራሱ ውስንነት አለው። የተሕዋስያኑ ቁጥር አነስተኛ ሲሆን ሊስታቸው ይችላል፤ በአጠቃላይም ለሙቀት ይበልጥ ተጋላጭ ነው። ስለሆነም የግዥና የአቅርቦት ኃላፊዎች የመመርመሪያውን ዒላማ፣ የማከማቻ ሙቀቱንና የአገልግሎት ማብቂያ ጊዜውን ማረጋገጥ ይጠበቅባቸዋል። ባለሙያዎችም ውጤቱን በአምራቹ በተወሰነው ደቂቃ ማንበብ፣ ውጤቱ ነጻ ሆኖ ትኩሳቱ የቀጠለበትን ታማሚም ለማይክሮስኮፕ ምርመራ ወደ ጤና ጣቢያ መላክ ይኖርባቸዋል። ከቆላ የተመለሰን ታማሚ በወቅቱ ለማዳን የሚቻለው መመርመሪያው በትክክል ሲመረጥና ውጤቱም በጥንቃቄ ሲተረጎም ነው።