ከማይን ወንዝ እስከ ገላባት፤ አገሩን የለቀቀ ሰው ስም

ለንግድ ወደ ገዳሪፍ የወረደ ሰው ስለ ከተማይቱ ስም የሚነገረውን ሳይሰማ አይመለስም። ስሙ የመጣው ከአንድ የዐረብኛ አነጋገር ነው ይላሉ፤ ትርጓሜውም መሸጥ መግዛቱን የጨረሰ ይነሣ፥ ወደ ቤቱ ይሂድ ማለት ነው። ነገሩ አፈ ታሪክ ቢሆንም ለገበያ ከተማ የሚስማማ ነው። በቀድሞው ዘመንም ቦታው በሹክርያ ሼኮች ስም ሱቅ አቡ ሲን ይባል ነበር። ሆኖም በዚያ አገር ገበያው ሲፈታ ተነሥቶ የሄደው ብቻ ሳይሆን የቀረውም ሰው ብዙ ነው። የቀረው ሰው የሚጠራበት ስም ለሹማምንትም ለነጋዴዎችም እስከ ዛሬ ድረስ ጉዳይ ሆኖ ይኖራል። ይህን ጉዳይ በደኅና ለመመልከት፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1865 ዓመት በዚያ መንገድ ካለፈ ከአንድ ጀርመናዊ ስም እንነሣለን። (ከዚህ በታች የተጻፉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።)

ሰውየው ጌኦርግ ሽቫይንፉርት ይባላል። በባቫሪያ ግዛት በማይን ወንዝ ዳር ሽቫይንፉርት የምትባል ከተማ አለች፤ የቤተ ሰቡም ስም የዚህችው ከተማ ስም ነው። በጀርመንኛ «ሽቫይን» ዐሣማ፥ «ፉርት» ደግሞ በእግር የሚሻገሩት የወንዝ መልካ ማለት ነውና፥ ሕዝቡ ስሙን የዐሣማ መሻገሪያ ብሎ ይተረጉመዋል። እንግዳችን ይህን ትርጓሜ ለገላባት ሼክ ነግሮት እንደ ሆነ አናውቅም፤ ቡናው ሳይቀዳ ባይናገረው ግን መልካም ነበር።

ጀርመኖች ቀድሞ እንደ እኛው የቤተ ሰብ ስም አልነበራቸውም። ከ12ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ከተሞች እየሰፉ ሲሄዱ፥ በአንድ ሰፈር ብዙ ዮሐንስና ብዙ ሄንሪክ ስለ ተገኘ፥ የውልና የግብር ጸሐፊዎች አንዱን ከሌላው መለየት ቸገራቸው። ስለዚህ አንዱን በሥራው ወፍጮ ፈጪው፥ አንጥረኛው፥ ሌላውን በአባቱ ስም፥ ሌላውንም በመጣበት አገር ይጠሩት ጀመር። የተጨመረው ስም ውሎ አድሮ ከአባት ወደ ልጅ የሚወረስ ሆነ።

እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር እንዲያስተውል እንለምናለን። በሽቫይንፉርት ከተማ ውስጥ አንድን ሰው ሽቫይንፉርት ብሎ መጥራት ምንም አይጠቅምም፤ ሁሉም የዚያው ሰው ነውና። ስሙ የሚወለደው ሰውየው ከተማውን ለቅቆ በሌላ አገር እንግዳ በሆነ ጊዜ ነው፤ የሚያወጡለትም ጎረቤቶቹ ናቸው። እንዲህ ያለ ስም የትውልድ አገር ምስክር ከመሆኑ ይልቅ የስደት ምስክር ነው።

የዚህም ቤተ ሰብ ነገር እንዲሁ ነው። የጌኦርግ አባት ከደቡብ ጀርመን ከባደን ተነሥቶ፥ በባልቲክ ባሕር ዳር በምትገኘውና በዚያን ጊዜ በሩሲያ ንጉሠ ነገሥት ሥር በነበረችው በሪጋ የወይን ጠጅ ነጋዴ ሆነ። ልጁም በ1836 በዚያው ተወለደ። የዕፅዋትን ትምህርት ከተማረ በኋላ፥ ሮበርት ሐርትማን ከሱዳን ያመጣውን የደረቀ ዕፅ እንዲመረምር ተሰጠው። ዛሬ ሊቃውንት በሐርትማን ስም የሚጠሩትን አንዱን ዛፍ የሰየመው እርሱ ነው። ያ የደረቀ ቅጠል አፍሪካን ለማየት ልቡን አነሣሣው፤ በ1863ም ጉዞውን ጀመረ። በ1865 ከሰላንና ገዳሪፍን አልፎ ገላባት ደረሰ፤ በመተማ ገበያ ዙሪያም ብዙ ዕፅዋት ሰበሰበ።

በመተማ ያገኛቸው ሰዎች ደግሞ ተክሩሪዎች ነበሩ። ከምዕራብ በኩል ከዳርፉርና ከዚያም ማዶ፥ በመካ መንገድ የመጡ ሰዎች ዘሮች ናቸው፤ መሬት አግኝተው ተቀመጡ፤ ገበያውን አቀኑ፤ ቡናውና ሰሙ፥ ቆዳውና ጥጡ በእጃቸው ያልፍ ነበር። የባሪያም ንግድ እንደ ነበረበት መሸሸግ አይገባም። ሼካቸው በሁለት መንግሥታት መካከል ስለ ነበር ለግብጽም ለኢትዮጵያም ይገብር ነበር።

ተክሩር በሴኔጋል ወንዝ ዳር የነበረ መንግሥት ነው፤ ንጉሡ እስልምናን የተቀበለው በ11ኛው መቶ ዓመት ነው። የካይሮና የሒጃዝ ሰዎች ግን ከምዕራብ አፍሪካ የሚመጣውን ሐጃጅ ሁሉ፥ ያንን ወንዝ በዓይኑ ያላየውንም ጭምር፥ ተክሩሪ ብለው ጠሩት። እንግዲህ በ1865 በገላባት የተገናኙት እንግዳውና ባለ አገሮቹ፥ ሁለቱም በወንዝ ዳር ካለ ከሩቅ ቦታ የተወሰደ፥ ሌሎች ያወጡላቸው ስም ነበራቸው።

ልዩነቱ በኋላ የመጣው ነው። ሽቫይንፉርት የሚለውን ስም በሪጋም ሆነ በበርሊን ያነበበ ሰው የመሬት ጥያቄ አያነሣበትም፤ ስም ብቻ ሆኖ ቀርቷል። በምሥራቅ ሱዳን ግን ተክሩሪ ወይም ፈላታ፥ ወይም ሐውሳ የሚለው ስም እስከ ዛሬ ከየት መጣህ የሚል ጥያቄ አለበት። በሐምሌ 2022 በጥቁር ዓባይ ግዛት በሐውሳና በበርታ መካከል በመሬት ምክንያት በተነሣው ግጭት ከመቶ በላይ ሰው ሞተ፤ የሐውሳ ተወላጆችም በከሰላና በገዳሪፍ ወጥተው አቤቱታቸውን አሰሙ። ከእነርሱ መካከል አያቶቻቸው በዚያው የተወለዱ ብዙዎች ናቸው።

ጀርመናዊው ከገላባት በኋላ ብዙ ዞረ። በ1870 የኡኤሌን ወንዝ አየ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ግን ጎጆው ተቃጥሎ ጽሑፉና ስብስቡ አብዛኛው አመድ ሆነ። በ1891፥ በ1892 እና በ1894 ወደ ኤርትራ መጥቶ በደጋውም በቆላውም ዕፅዋት ሰብስቧል። በ1893 ያሳተመው መጽሐፍ ዕፅዋቱ በአገሩ ሰው አፍ የሚጠሩባቸውን ስሞች በተራ የጻፈበት ነው። በእኛ አስተያየት ከሥራዎቹ ሁሉ ለዚህ አገር ሰው የሚቀርበው ይህ ነው፤ ሌሎች ተጓዦች የራሳቸውን ስም በተራራና በወንዝ ላይ ሲለጥፉ፥ እርሱ ባላገሩን ይህ ምን ይባላል ብሎ ጠይቋልና።

የእርሱም ስም ቢሆን አልቀረም። የምሥራቅ አፍሪካው ቺምፓንዚ በሳይንስ መጽሐፍ በስሙ ይጠራል። እርሱ የሰየማቸው ዕፅዋት ደግሞ የሰያሚውን ስም በአጭሩ ይዘዋል፤ ማሳጠሪያው «ሽቫይንፍ.» ነውና መልካው ተቆርጦ ዐሣማው ቀርቷል። እርሱ በ1925 በበርሊን ሞተ።

በ1889 ዐፄ ዮሐንስ የወደቁበት የመተማ ጦርነት ያንን የገበያ ከተማ አጠፋው። በ1902 የተፈረመው የወሰን ውል ገላባትን ለሱዳን፥ መተማን ለኢትዮጵያ አደረገ፤ በመካከላቸው ያለው አንድ ትንሽ ወንዝ ነው። በ2020 መጨረሻ ከትግራይ የሸሹ በአሥር ሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ወደ ምሥራቅ ሱዳን ተሻገሩ፤ ብዙዎቹም በገዳሪፍ ግዛት በኡም ራኩባ ሰፈሩ፤ ይህ ሰፈር በ1980ዎቹም ስደተኞችን የተቀበለ ነው። በሚያዝያ 2023 ካርቱም ስትቃጠል ደግሞ ጉዞው ተገለበጠና ሱዳናውያን ከገላባት ወደ መተማ ተሻገሩ። በወንዙ በሁለቱም ወገን የተቀመጠው ጸሐፊ መዝገቡን ገልጦ ስም፥ የአባት ስም፥ የአያት ስም ብሎ ይጠይቃል፤ ቀጥሎም የመጡበት አገር የሚል ዐምድ አለ። በሰፈሩ ለተወለደው ሕፃን በዚህ ዐምድ ምን እንደሚጻፍ ገና አልተቈረጠም።