ሆድ ሞላ ማለት ቁስል ይድናል ማለት አይደለም፦ ቃጠሎ የደረሰበት ታካሚ ምን ይብላ?

በጪጩና በዲላ አካባቢ ሆስፒታል የተኛ ዘመድ ሲጠየቅ ምሳ ዕቃ ይያዛል። ውስጡ ቆጮና ጎመን ቢሆን አይገርምም፤ የጌዴኦ ጓሮ ቡናና እንሰት ነውና። ቆጮ ጉልበት ይሰጣል። በእሳት ወይም በፈላ ውሃ ክፉኛ ለተቃጠለ ሰው ግን ብቻውን አይበቃም። ለምን?

ቃጠሎው ከ20 በመቶ በላይ የሰውነት ክፍል ከያዘ ጉዳቱ የቆዳ ብቻ አይደለም። (የታካሚው መዳፍ ከነጣቶቹ 1 በመቶ ገደማ ነው።) እንደ አድሬናሊንና ኮርቲሶል ያሉ ሆርሞኖች ይጨምራሉ፣ ልብ ይፈጥናል፣ ታካሚው አልጋ ላይ ተኝቶ እንኳ ሰውነቱ ብዙ ጉልበት ያወጣል። በጣም ሰፊ ቃጠሎ ላይ ይህ ወጪ ከተለመደው እጥፍ ሊደርስ ይችላል። የሚበላው ካልበቃ ሰውነት የራሱን ጡንቻ ማፍረስ ይጀምራል። ያኔ ቁስሉ ቶሎ አይሞላም፣ የተተከለው ቆዳ ላይዝ ይችላል፣ ኢንፌክሽን ይበረታል፣ ለማሳል እንኳ አቅም ይጠፋል።

እስቲ እናስላው። ከባድ ቃጠሎ ላለበት አዋቂ የሚመከረው ፕሮቲን በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት ከ1.5 እስከ 2 ግራም ነው። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ከ90 እስከ 120 ግራም ማለት ነው። ግማሽ ኪሎ ቆጮ ቢበላ ከ10 ግራም ብዙም አያገኝም። 3 እንቁላል 18፣ 2 ብርጭቆ ወተት 13፣ 300 ግራም የተቀቀለ ቦሎቄ 25 ግራም ያህል ይጨምራሉ። ይህ ሁሉ ተደምሮም 66 ነው፤ ገና 90 አልሞላም። 100 ግራም የበሰለ ሥጋ ሲታከል ነው ዝቅተኛው መጠን ላይ የሚደረሰው።

ይህን ያህል በአፍ መጨረስ ለታመመ ሰው ከባድ ነው። ስለዚህ ሐኪሞች በአፍንጫ በኩል ወደ ጨጓራ የሚገባ ቱቦ ሊያስገቡ ይችላሉ። አስታማሚ ቱቦውን አይቶ «አለቀለት» ብሎ መደንገጥ የለበትም። እንዲያውም ምግቡ ቃጠሎው በደረሰ በመጀመሪያው ቀን፣ ቢቻል በ12 ሰዓት ውስጥ ቢጀመር ይመረጣል፤ አንጀትንም ከጉዳት ይጠብቃል።

ሌላው ሳይታይ የሚያልፍ ጉድለት ጾም ማደር ነው። ቁስል በማደንዘዣ በሚታጠብበትና ቀዶ ሕክምና በሚደረግበት ቀን ታካሚው ሳይበላ ይቆያል። ይህ ሲደጋገም ብዙ ምግብ ይቀርበታል። ስለዚህ «ከስንት ሰዓት ጀምሮ አይብላ? መቼስ ይጀምር?» ብሎ ነርሷን መጠየቅ ተገቢ ነው።

ኩላሊት ወይም ስኳር ያለበት ሰው መጠኑ ስለሚለይ ከሐኪሙ ጋር ይወሰን። ለሌላው ግን ምሳ ዕቃው ውስጥ ቆጮው ይኑር፤ ከጎኑ እንቁላሉና ቦሎቄው አይጥፋ።