ቀዳዳው የማን ነው?

በሰሜን ሸዋ፣ በሞረትና ጅሩ ወረዳ፣ የእነዋሪን መረሬ አፈር በክረምት የረገጠ ሰው ውኃ የሚተኛበት ማሳ ምን እንደሚመስል ያውቃል። የአካባቢው ገበሬ ለዚህ የቆየ መላ ነበረው፤ ከታረሰው መሬት ላይ ሴቶችና ልጆች ሳይቀሩ አፈሩን በእጃቸው እየዛቁ ሰፊ መደብና ቦይ ያወጡ ነበር። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መቀመጫውን አዲስ አበባ ያደረገው የአፍሪካ ዓለም አቀፍ የእንስሳት ማዕከል ከአገር ውስጥ ተቋማት ጋር ሆኖ ይህን ድካም ወደ በሬ ለማዛወር ሁለት ማረሻ አጣምሮ፣ የብረት ክንፍ አክሎ፣ መደብ ማውጫ መሣሪያ ሠራ። እነዋሪ ከመሞከሪያ ሥፍራዎቹ አንዷ ነበረች። መሣሪያው 80 ሴንቲ ሜትር መደብና 40 ሴንቲ ሜትር ቦይ ያወጣል።

እንዲህ ያለውን መሣሪያ በኮምፒውተር ንድፍ፣ ማለትም በካድ፣ ለመሣል የሚነሣ ተማሪ በሞፈሩም በክንፉም ብዙ አይቸገርም። የሚቸገረው በቀዳዳው ነው። ከሶፍትዌሩ መዝገብ ኤም 10 ብሎን ቢመርጥ ባለ 11 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ራሱ ይበሳለታል፤ የተለመደው የዓለም አቀፍ ደረጃ ልክ ይህ ነውና። ወገልና ማነቆ፣ ወይም ቀጥቃጩ በልኩ ያወጣው ሽብልቅ ግን በየትኛውም መዝገብ የሉም። ስለዚህ ተማሪው በላሜራው ላይ አንድ፣ በእንጨቱ ላይ አንድ፣ በክንፉ ላይ አንድ ቀዳዳ በእጁ ይሥላል። ነገ ሽብልቁ ሲወፍር ሁለቱን አርሞ ሦስተኛውን ይረሳል። በስክሪን ላይ ስሕተቱ አንድ ቁጥር ነው፤ በወይራ ላይ ግን የተበሳ አይደፈንም።

መፍትሔው የባለቤትነት ለውጥ ነው፤ ቀዳዳው የላሜራው ሳይሆን የሽብልቁ ይሁን። በሽብልቁ ፋይል ውስጥ ከሽብልቁ ጥቂት የሚሰፋ፣ ለዓይን የተሰወረ ሲሊንደር ይሣላል። ሽብልቁ በመገጣጠሚያው ላይ ሲቀመጥ ይህ ጥላው የነካውን አካል ሁሉ ይቦረቡራል። ሒሳቡ የመጀመሪያ ዓመት ሜካኒክስ ነው፦ የሽብልቁን ሥፍራ በመገጣጠሚያው መጋጠሚያ ሥርዓት ታውቃለህ፤ ከዚያ ላይ የላሜራውን መነሻ ነጥብ ትቀንሳለህ፤ የላሜራውን መዞር ወደ ኋላ ትመልሳለህ፤ ያገኘኸው ቀዳዳው በላሜራው ላይ የሚያርፍበት ነጥብ ነው። ሶሊድወርክስ ይህን የሚያደርግ ክፍል አለው። ገንዘብ የማይጠየቅበት ፍሪካድ በፓይተን ጥቂት መስመር ይበቃዋል፤ በኅዳር 2024 (እ.ኤ.አ.) የወጣው 1.0 ዕትሙም የራሱን መገጣጠሚያ ክፍል ይዞ መጥቷል። ሐሳቡስ አዲስ አይደለም። አይቫን ሰዘርላንድ በ1963 (እ.ኤ.አ.) ያቀረበው ስኬችፓድ ሥዕል የተሰጠውን ሁኔታ ጠብቆ ራሱን እንዲያስተካክል ያደርግ ነበር።

ነገር ግን ሁለት ወጥመድ አለ። አንዱን በራሴ ቀምሼዋለሁ። በውጭ አገር ለዶክትሬት ስማር ለሙከራ ዕቃዬ የሚሆን ክዳን ነድፌ ስምንቱን ቀዳዳዎች በመገጣጠሚያው ሥዕል ላይ በሳሁ። በስክሪን ላይ አማረ። ከወርክሾፑ የመጣልኝ ግን አንድም ቀዳዳ የሌለው ድፍን ክዳን ነበር። በመገጣጠሚያው ደረጃ የተበሳ ቀዳዳ፣ ወደ ክፍሉ ፋይል እንዲወርድ ካልታዘዘ፣ እዚያው ይቀራል፤ ለሠራተኛው የተላከው ደግሞ የክፍሉ ሥዕል ብቻ ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው። ሁለተኛው ወጥመድ ክብ ነው፦ ሽብልቁን በቀዳዳው ላይ አስቀምጠህ፣ ቀዳዳውን ደግሞ ከሽብልቁ ካስወለድህ፣ ማን ማንን እንደሚጠብቅ ሶፍትዌሩ አያውቅም። ሽብልቁ በጠርዝ ወይም በማዕከላዊ መሥመር ይቀመጥ።

ጥላው ከሽብልቁ የሚሰፋበትን ልክ በቁጥር ቸንክሮ መተውም አይበጅም፤ ስም ይሰጠው። በበጋ ልክ የገባ ማነቆ በነሐሴ እንጨቱ እርጥበት ጠጥቶ ሲያብጥ አልወጣ ይላልና፣ ለብረትና ለእንጨት የተለያየ ልክ ያስፈልጋል።

ለሙከራ ቀንበር ሣሉ፤ አራት ማነቆ አግቡበት፤ ከዚያም የማነቆውን ውፍረት ለውጡ። ከአንድ ሥፍራ በላይ መንካት ካስፈለጋችሁ፣ ቀዳዳው ገና የቀንበሩ ነው።