ለገበያ ከማይወጣ ፖም ኬክ ስለ መጋገርና መጠኑን ስለ ማስተካከል

ከጨንቻና ከአካባቢው ደጋ ቀበሌዎች ለገበያ የሚመረጠው ፖም ደህና መጠን ያለውና ቆዳው ያልተነካ ነው። በረዶ የመታው፣ ሲለቀም የወደቀው፣ አነስ ያለው ቤት ይቀራል። ፖም በሚሲዮናውያን እጅ ወደ ጨንቻ ከገባ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኖታል። የልማት ሠራተኛው ስለ መግረዝና ስለ ችግኝ ማባዛት ብዙ ያስተምራል፤ ፍሬው ጓዳ ከገባ በኋላ ስለሚሆነው ግን እምብዛም አይነሣም።

ማኅበራት ይህን ፍሬ በኬክ መልክ ለመሸጥ ሲነሡ የሚገጥማቸው ችግር የታወቀ ነው። ከመጽሐፍ በተቀዳው መመሪያ መሠረት የተጋገረው ኬክ ኦቭን ውስጥ በፍጥነት ያብጥና መሐሉ ይሰምጣል። እንቁላሉ፣ ስኳሩና ዘይቱ አብሮ ይጠፋል። ለጀማሪ ማኅበር ይህ ቀላል ኪሳራ አይደለም። የምትወቀሰውም ጋጋሪዋ ናት፤ ምክንያቱ ግን የቦታው ከፍታ ነው።

ጨንቻ ከባሕር ጠለል በላይ 2700 ሜትር ገደማ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው በሩብ ያህል ያንሳል፤ ውሃም በ91 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይፈላል። ስለሆነም ከቤኪንግ ፓውደር የሚወጣው ጋዝ የሚጫነው አየር ስለሚቀንስ ከመጠን በላይ ይነፋል፤ ሊጡ ሳይጠና አረፋው ይፈነዳል። በሌላ በኩል ከሊጡ ውስጥ ውሃው ቶሎ ይተናል፤ በቀረው እርጥበት ውስጥ ስኳሩ ይበዛል። ስኳር የበዛበት ሊጥ ደግሞ ለመርጋት የበለጠ ሙቀት ይፈልጋል።

ለቆላ አገር የሚስማማ አንድ መመሪያ 300 ግራም የፉርኖ ዱቄት፣ 200 ግራም ስኳር፣ 3 የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር፣ 3 እንቁላል፣ 150 ሚሊ ሊትር ዘይትና 400 ግራም የተላጠ ፖም ይላል እንበል። በጨንቻ ከፍታ ሥራው የሚጀመረው ዱቄቱን 330 ግራም፣ ስኳሩን 160 ግራም፣ ቤኪንግ ፓውደሩን 1 ተኩል የሻይ ማንኪያ፣ ዘይቱን 130 ሚሊ ሊትር በማድረግ ነው። ኦቭኑ ከ180 ወደ 190 ዲግሪ ከፍ ይደረግ። እንቁላሉ 3 የሚሆነው የፈረንጅ ዶሮ ከሆነ ነው፤ የሐበሻ ዶሮ እንቁላል ስለሚያንስ 4 ያስፈልጋል። ከስኳሩ የተቀነሰው 40 ግራም በ25 ኬክ 1 ኪሎ እንደሚሆን ለማኅበሩ ሒሳብ ሹም ማስታወስ አይከፋም።

ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ ከማሳ ሙከራ አይለይም። በአንድ ጋገራ አንድ ነገር ብቻ ይለወጥ፤ ሌላው ሁሉ፣ መጋገሪያው ዕቃ እንኳ ሳይቀር፣ ያው ይሁን። ስኳርና ቤኪንግ ፓውደር በአንድ ቀን ከተቀነሱ ኬኩን ያዳነው የትኛው እንደሆነ አይታወቅም። ልኬቱ በሚዛን ይሁን፤ በስኒ የተለካ ዱቄት እንደ አሞላሉ ይለያያል። ለሙከራ የመጠኑ ግማሽ በትንሽ ዕቃ ቢጋገር ይበቃል። ቀኑ፣ መጠኑና የታየው ውጤት በደብተር ይጻፍ። መሐሉ ሰምጦ ውስጡ ሰፋፊ ቀዳዳ ካለው ቤኪንግ ፓውደሩ በሩብ የሻይ ማንኪያ ይቀነስ። ሳይሰምጥ የሚጣበቅና የሚከብድ ከሆነ ስኳሩ ይታይ። አናቱ ሾጦ ከተሰነጠቀ ዱቄቱ ወይም እሳቱ በዝቷል። የሚቀምሱት ሰዎች የትኛው የትናንቱ፣ የትኛው የዛሬው እንደሆነ ባይነገራቸው ፍርዳቸው ይታመናል።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው የፖሙ ውሃ ነው። ከፖም ክብደት 85 ከመቶ ያህሉ ውሃ ስለሆነ በ400 ግራም ውስጥ 340 ግራም ውሃ አለ ማለት ነው። ይህ ውሃ ሲጋገር ወጥቶ ከኬኩ ሥር እርጥብ ሽፋን ይሠራል፤ ብዙዎች ኬኩ አልበሰለም ብለው እሳት ይጨምሩበታል። ፖሙ በጣት ጥፍር መጠን ተከትፎ፣ ከስኳሩ 2 የሾርባ ማንኪያ ተነስንሶበት ግማሽ ሰዓት ይቆይና ይጠለል። የወጣው ጭማቂ አይደፋ፤ ሊጡ ከወፈረ በወተት ፈንታ ይገባል። እንደ ግራኒ ስሚዝ ያለ ኮምጣጣ ዝርያ ቅርጹን ይዞ ይበስላል፤ ጣፋጭና ለስላሳው ቶሎ ስለሚሟሟ ተለቅ ተደርጎ ይከተፍ። ለቅመም ቀረፋ የተለመደ ነው፤ በእኔ አስተያየት ግን ግማሽ የሻይ ማንኪያ የተፈጨ ኮረሪማ ይበልጠዋል።

በአንድ ነገር ላይ ማመቻመች የለም። በረዶ የመታው ወይም በመውደቅ የቆሰለ፣ ሥጋው ግን ጠንካራ የሆነ ፖም ታጥቦ፣ ተልጦ፣ የቆሰለው ተወግዶ ያገለግላል። የሻገተ ወይም የበሰበሰ ግን ክፉው ክፍል ተቆርጦም ቢሆን አይገባም። በፖም ላይ የሚወጣው ሰማያዊ ሻጋታ ፓቱሊን የተባለ መርዝ ያመነጫል፤ መርዙ ወደ ደህናው ሥጋ ሊዘልቅ ይችላል፣ በመጋገርም ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። ይህን ምርጫ የሚያካሂድ አንድ ሰው በማኅበሩ ተለይቶ ይመደብ።

ኦቭን በሌለበት እንደ ድፎ ዳቦ ከላይና ከታች እሳት ተደርጎ ይጋገራል፤ የታችኛው ፍም ከላይኛው ያነሰ ይሁን። ከ50 ደቂቃ በኋላ ንጹሕ ቢላዋ መሐሉ ላይ ተወግቶ ሊጥ ሳይዝ ከወጣ በስሏል። ትኩሱን ከመሸፈን መቆጠብ ነው፤ እንፋሎቱ አናቱን ያረጥበዋል። ፖም ያለበት ኬክ እርጥበት ስለሚይዝ ቶሎ ይሻግታል። ስለዚህ ለቅዳሜ ገበያ የሚሆነው ዓርብ ከሰዓት በኋላ ይጋገር።