«ቆመ» እና «አቆምን»፦ በልብ መቆም ሕክምና የጊዜ አመዘጋገብ ላይ የቀረበ አጭር ማስታወሻ

ልቡ የቆመ ሕመምተኛ ሲታከም አንዱ ባለሙያ ደረቱን በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ ይጫናል፤ በየ2 ደቂቃውም ሌላው ይተካዋል። ሌላ ሰው ሰዓቱን እየተከታተለ ይመዘግባል። በ1990 እ.ኤ.አ. በኖርዌይ ኡትስታይን ገዳም በተደረገው ጉባኤ የተጀመረው የአመዘጋገብ ሥርዓት፣ እያንዳንዱ ሰዓት የየትኛው ክንውን እንደሆነ ተለይቶ እንዲጻፍ ይጠይቃል።

አማርኛ እዚህ ላይ ጥንቃቄ ይሻል። ግሱ ባለቤቱን በውስጡ ስለሚይዝ «8፡20 ላይ ቆመ» ሙሉ ዐረፍተ ነገር ነው። የቆመው ግን ልቡ ነው ወይስ ሕክምናው? አንዱ የጥረቱ መነሻ፣ ሌላው ፍጻሜው ነው። «አቆምን» ሲባል «አ-» አድራጊ መኖሩን፣ «-ን» አድራጊዎቹ ተናጋሪዎቹ መሆናቸውን ያሳያል። «ነፍስ ዘራ» የሚለውም የልብ ትርታ መመለስን ራስን ከማወቅ አይለይም፤ ትርታው የተመለሰለት ሰው ራሱን ሳያውቅ ሊቆይ ይችላል። ሰዓቱም ቢሆን በአገር ቤት አቆጣጠር ከቀኑ 8፡20 የሆነው በዓለም አቀፉ 14፡20 ነው።

ስለዚህ «ከቀኑ 8፡20 የልብ ትርታ ጠፋ፤ 8፡52 ደረት መጫን አቆምን» ብሎ መጻፍ ይበጃል። ቤተ ዘመድ «በስንት ሰዓት ዐረፈ? ምን ያህልስ ደከማችሁለት?» ብሎ ሲጠይቅ መልሱ የሚገኘው ከዚሁ መዝገብ ነው።