የሽንኩርት ባጂያ በኤር ፍራየር፦ የማፍጠሪያ ሰዓታችንን ከዘይት መጥበሻ ፊት እናድን



ረመዷን ሲገባ በብዙ ቤቶቻችን የሚታይ አንድ ነገር አለ። መግሪብ ሊደርስ አስር ደቂቃ ሲቀረው ቤተሰቡ በማዕዱ ዙሪያ ተሰብስቦ ዱዓ ያደርጋል፤ እናት ወይም እህት ግን ከሚንተከተከው ዘይት ፊት ቆማለች። አዛን ሲል በአንድ እጇ ተምር፣ በሌላው ጭልፋ ይዛ «ይህችን ብቻ ላውጣና እመጣለሁ» ትላለች። ጾመኛ በሚያፈጥርበት ሰዓት የሚያደርገው ዱዓ ትልቅ ቦታ እንዳለው በየዓመቱ እንሰማለን። ታዲያ ያንን ሰዓት እንደኛው ቀኑን ሙሉ ጾማ የዋለችው ሴት በጭስ ውስጥ ስታሳልፈው ለምን ቀላል መሰለን?

ይህ ጽሑፍ ስለ አንድ ምግብ ነው፤ ኩርሽም ስለሚል የሽንኩርት ባጂያ። በኤር ፍራየር ሲሠራ ጥልቅ ዘይት አይፈልግም፣ ቆሞ የሚጠብቀውም ሰው አያስፈልገውም። አሠራሩን ከነምክንያቱ እናያለን፤ ምክንያቱን ያወቀ ሰው ሲበላሽበት ራሱ ያስተካክለዋልና።

ባጂያ ከየት መጣ?

ባጂያ መነሻው ሕንድ ነው። የተከተፈ ሽንኩርት በሽምብራ ዱቄት ተለውሶ ይጠበሳል፤ ፓኮራ ብለው የሚጠሩትም አሉ። በሕንድ ውቅያኖስ ንግድ አማካይነት ወደ የመንና ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ጠረፎች ተሻግሯል። በሱማሌዎች ዘንድ ባጂዬ የሚባለው ከተፈጨ ጥራጥሬ የሚሠራው ዓይነት ነው። በዓረብ ሀገራት ሠርተው የተመለሱ እህቶቻችን ደግሞ በረመዷን ከሳምቡሳ ጎን የማይጠፋ ምግብ መሆኑን በደንብ ያውቃሉ።

ሕንዶች ለዚህ ምግብ የሚጠቀሙበት ዋና ቅመም አጅዋይን ይባላል። እኛ ነጭ አዝሙድ የምንለው ራሱ ነው። ስለዚህ ከሩቅ የሚመጣ ቅመም መፈለግ አይጠበቅብንም።

ኤር ፍራየር ምን ያደርጋል?

ስሙ «በአየር የሚጠብስ» ቢልም በእርግጥ አይጠብስም። ከላይ ማሞቂያ፣ ከበላዩም ማራገቢያ ያለው ትንሽ ምድጃ ነው። ማራገቢያው የጋለውን አየር በምግቡ ዙሪያ በፍጥነት ያዞረዋል። አየሩ የምግቡን የላይኛውን እርጥበት ያደርቃል፤ የደረቀው ገጽ ይቀላል፣ ይኮረሽማል። መሣሪያው በዚህ ስም የታወቀው ፊሊፕስ የተባለው የሆላንድ ኩባንያ በ2010 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ለገበያ ካቀረበው በኋላ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መያዝ አለብን። ፈሳሽ ሊጥ የጋለ ዘይት ውስጥ ሲገባ ወዲያው ዙሪያውን ተይዞ ይጠነክራል። በአየር ውስጥ ግን የሚይዘው ነገር የለም። የእኛም የመጀመሪያ ሙከራ የከሸፈው በዚህ ነው። መጥበሻ ላይ የለመድነውን ቀጭን ሊጥ ቅርጫቱ ውስጥ አፈሰስነው። ሊጡ በቀዳዳዎቹ ወርዶ ከታች ተቃጠለ፣ ሽንኩርቱ ራቁቱን ቀረ፣ ቤቱ ጭስ ሆነ። ያን ዕለት በተምርና በሾርባ አፈጠርን፤ አልሐምዱሊላህ። ትምህርቱ ግን ቀረልን፦ ለኤር ፍራየር ሊጡ ሽንኩርቱን የሚያያይዝ ብቻ እንጂ የሚፈስ መሆን የለበትም።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

ከ16 እስከ 18 ፍሬ ለሚሆን፦

- 3 መካከለኛ ቀይ ሽንኩርት (ተልጦ 400 ግራም ገደማ)
- ያልሞላ 1 የሻይ ማንኪያ ጨው
- 1 ኩባያ የሽምብራ ዱቄት (ከ100 እስከ 120 ግራም)
- 2 የሾርባ ማንኪያ የሩዝ ዱቄት ወይም የበቆሎ ስታርች
- ግማሽ የሻይ ማንኪያ ነጭ አዝሙድ፣ በእጅ የታሸ
- ግማሽ የሻይ ማንኪያ እርድ
- 1 ወይም 2 ቃሪያ፣ ደቅቆ የተከተፈ
- አንድ እፍኝ የድንብላል ቅጠል
- 2 የሾርባ ማንኪያ ዘይት፤ ግማሹ ለሊጡ፣ ግማሹ ለመቀቢያ

በቤት ያለው የሽሮ ዱቄት ይሆናል ወይ? በርበሬ ያልገባበት ከሆነ ይሆናል። ነገር ግን የሽሮ እህል ሳይፈጭ በፊት የተቆላ ስለሆነ እንደ ጥሬ ሽምብራ ዱቄት በደንብ አያያይዝም። ሁለት የሾርባ ማንኪያ የስንዴ ዱቄት ብንጨምርበት ይረዳዋል።

አሠራሩ

1. ሽንኩርቱን ለሁለት ከፍለን በቀጭኑ እንቆርጣለን። በጣም ከሳሳ ይቃጠላል፣ ከወፈረ ደግሞ ሊጡ ሲበስል እሱ ጥሬ ይቀራል።

2. ጨውን ነስንሰን በእጃችን አሸት አሸት እናደርገውና ለ15 ደቂቃ እንተወዋለን። ጨው ከሽንኩርቱ ውኃ ያወጣል። ይህን ውኃ አንደፋውም፤ ሊጡን የሚያርሰው እሱ ነው። ጾመኛ ሆነን ስለምንሠራ ጨውን በማንኪያ ለክተን ማስገባቱ ከመቅመስ ያሳርፈናል።

3. ቅመሙን፣ ቃሪያውን፣ ድንብላሉንና አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት እንጨምራለን። ከዚያ የሽምብራውንና የሩዙን ዱቄት በትንሽ በትንሹ እየነሰነስን እንለውሳለን። ስንጨብጠው ከተያያዘ በቃው። ደረቅ ዱቄት ከታየ በማንኪያ እየለካን አንድ ወይም ሁለት ማንኪያ ውኃ ጠብ እናደርጋለን፤ ከዚያ በላይ አንጨምርም።

4. ኤር ፍራየሩን በ190 ዲግሪ ሴንቲግሬድ (375 ፋራናይት) ለ4 ደቂቃ ባዶውን እናሞቀዋለን።

5. ቅርጫቱን ዘይት ቀብተን ሊጡን በማንኪያ ጠፍጠፍ እያደረግን እናስቀምጣለን። ድቡልቡል ከሆነ ውስጡ ጥሬ ይሆናል፤ ጥሬ የሽምብራ ዱቄት ደግሞ ይመርራል። በመካከላቸው የጣት ያህል ክፍተት ይኑር፤ አየር ካልዞረ ይታጠናል እንጂ አይኮረሽምም።

6. ከ6 እስከ 7 ደቂቃ ከቆየ በኋላ እናገላብጠዋለን። ነጭ ሆኖ የቀረ ዱቄት ካለ በላዩ ዘይት እንቀባለን፤ ዘይት ያልነካው ዱቄት ቢውል ቢያድር አይቀላም። ከዚያ 4 ወይም 5 ደቂቃ እንጨምርለታለን።

ከአራት እስከ አምስት ሊትር የሚይዝ ኤር ፍራየር በአንድ ጊዜ ስምንት ወይም ዘጠኝ ፍሬ ነው የሚይዘው። ስለዚህ ሁለት ዙር ያስፈልገናል። ሽንኩርቱን መግሪብ አንድ ሰዓት ሲቀረው ቆርጠን ጨው እናድርግበት። የመጀመሪያውን ዙር 35 ደቂቃ፣ ሁለተኛውን 18 ደቂቃ ሲቀረው እናስገባ። ዱቄቱን ለየዙሩ ለብቻ እንለውስ፤ ተለውሶ የቆየ ሊጥ ውኃ እያወጣ ይቀጥናል። በመጨረሻ የመጀመሪያውን ዙር ለ2 ደቂቃ መልሰን ብናስገባው ኩርሽም ማለቱ ይመለስለታል። አዛን ሲል ሁላችንም ተቀምጠናል ማለት ነው፣ ኢንሻአላህ።

ማባያውና የመስጊድ አደብ

ከኢፍጣር በኋላ ዒሻና ተራዊሕ አለ። ጃቢር (ረ.ዐ) ባስተላለፉትና ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲሥ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ነጭ ሽንኩርት ወይም ሽንኩርት የበላ ሰው ከመስጊድ እንዲርቅ አዘዋል። ዑመር (ረ.ዐ) ደግሞ በጁሙዓ ኹጥባቸው እነዚህን የሚበላ ሰው አብስሎ ሽታቸውን እንዲያጠፋ መምከራቸውን ሙስሊም ዘግበዋል። የበሰለው ባጂያችን በዚህ በኩል ችግር የለበትም። ችግሩ የሚመጣው ጥሬ ነጭ ሽንኩርት ከገባበት ማባያ ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው። ያልተላጠ የነጭ ሽንኩርት ራስ አናቱን ቆርጠን፣ ዘይት ጠብ አድርገን፣ በፎይል ጠቅልለን በ190 ዲግሪ ለ20 ደቂቃ ያህል እናበስለው። ሲለሰልስ ከእርጎ፣ ከጨውና ከሎሚ ጋር እንምታው። ይህን አስቀድመን፣ ከሰዓት በኋላ መሥራት ይቻላል።

በውጭ ሀገር ለምትኖሩ

በአሜሪካና በአውሮፓ ምግብ ቤቶች ኩርሽም የሚል የሽንኩርት ቀለበት በብዛት ይሸጣል። አትክልት ስለሆነ ብቻ «ምን ችግር አለው?» እንላለን። ነገር ግን ብዙ ቦታ ሊጡ አረፋ እንዲኖረው በቢራ ይለወሳል። ሐላል ያልሆነ ሥጋ በተጠበሰበት ዘይት የሚጠበስበትም አለ። ስለዚህ ሁለቱን ነገር ሳይጠይቁ አለማዘዝ ይሻላል። በረዶ ሆኖ የሚሸጠውንም ቢሆን የይዘቱን ዝርዝር ማንበብ ይገባል። ቤት ውስጥ በመጥበሻ የምትሠሩ ደግሞ አረፋውን ከፈለጋችሁት እንደ አምቦ ያለ ጋዝ ያለው ውኃ ያንኑ ሥራ ይሠራል።

ለጤና ምን ያህል ይጠቅማል?

አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ገደማ አለው። በመጥበሻ ስንሠራ ሊትር የሚጠጋ ዘይት እናፈስሳለን፣ ከዚያም ደጋግመን እንጠቀምበታለን። እዚህ የገባው ሁለት ማንኪያ ብቻ ነው። ለኪሳችንም ከኢስራፍ ለመራቅም ይጠቅማል።

ይሁን እንጂ ዘይት ቀነሰ ማለት እንዳሻን እንብላ ማለት አይደለም። ጨውና ዱቄት እንዳለ ነው። የደም ግፊት ወይም የስኳር ሕመም ያለባቸው ወላጆቻችን በሐኪም የተነገራቸውን ልክ ይጠብቁ፤ ሁለት ሦስት ፍሬ ይበቃል። ደግሞም አናሳርረው። ዱቄትነት ያላቸው ምግቦች ከ120 ዲግሪ በላይ ሲበስሉ አክሪላማይድ የተባለ ጎጂ ነገር እንደሚፈጠርባቸው በ2002 በስዊድን ይፋ ሆኗል፤ እየጠቆረ በሄደ ቁጥር ይጨምራል። ወርቃማ ሲሆን ማውጣት ነው።

ስለ መብራትና ስለ ጥንቃቄ

ከአሜሪካ ለቤተሰብ የሚላክ ኤር ፍራየር አብዛኛው በ120 ቮልት የሚሠራ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ በቀጥታ 220 ቮልት ላይ ከተሰካ ይቃጠላል። ከመላካችን በፊት ከሥሩ የተጻፈውን እንመልከት። የብዙዎቹ ኃይል 1500 ዋት አካባቢ ስለሆነ በቀጭን ማራዘሚያ ገመድ፣ ከምጣድ ወይም ከምድጃ ጋር ደርቦ መሰካት አደጋ አለው። ከግድግዳ ራቅ ይበል። የመጋገሪያ ወረቀት የምትጠቀሙ ከሆነ ባዶውን ሲሞቅ አታስገቡ፤ ማራገቢያው አንስቶ ከማሞቂያው ጋር ያገናኘዋል።

በመጨረሻም፣ ይህ ሥራ የሴቶች ብቻ አይደለም። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) በቤታቸው ሲሆኑ ቤተሰባቸውን ያግዙ እንደነበር ዓኢሻ (ረ.ዐ) መናገራቸውን ቡኻሪ ዘግበዋል። ሽንኩርት መቁረጥና ቁልፍ መጫን ለማንኛውም ወንድምና ለአቅመ ሥራ ለደረሰ ልጅ ይቻላል። ዘንድሮ በማፍጠሪያ ሰዓት እናቶቻችን ከእኛ ጋር ይቀመጡ፤ እነሱም እጃቸውን ለዱዓ ያንሱ።

አላህ ጾማችንንና ዱዓችንን ይቀበለን። አሚን።